ሰባት በር፣ አንድ ቆጣሪ

ሰኞ ገበያ ቁልቁል፣ ቆርቆሮው ከዛገበት፣
ደሴ ትከሻዋን ሰብስባ ሰው በሰው ካነባበረችበት፣
ሰባት በር ያለው ግቢ አለ፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፤
እኔ የሦስተኛው በር ነኝ፣ የፊዚክስ አስተማሪ፣
መብራት በሄደ ሌሊት የሰማይ ቆጣሪ።

ጦሳ ጉሙን አውልቆ ሰማዩ ሲገላለጥ፣
ጀሪካን ገልብጬ ከደጃፌ ስቀመጥ፣
ጦይባ ትመጣለች ከማታው ፈረቃ፣
ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
ሐረጎን በሚኒባስ ወጥታ፣ እንቅልፏን ተነጥቃ፤
የጥጥ ብናኝ ከሻሿ ላይ ገና ሳይራገፍ፣
ጫማዋን ታወልቃለች፣ እግሯ እስኪያርፍ።

«ዛሬስ ምን አየህ?»
«ጎረቤት።»

ብቻውን ያለ ጋላክሲ፣ አልኳት፣ ደጁን የሚረግጥ የሌለው፣
ጋዙ የራሱ ነው፤ ሲያሻው ኮከብ የሚወልደው፤
ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ጨቅላ ኮከብ ቀለም ሰጥቶት፤
ከመንጋ የገባ ዕለት ግን፣ የመሀሉ ትኩስ አየር ገፍቶት፣
እንደ ተቀደደ ጆንያ ጤፍ፣ ጋዙን በየመንገዱ አፍስሶ፣
መውለዱን ይተዋል፤ ያሉት ያረጃሉ፤ ይቀላል ጨርሶ።
አይጠፋም። ያበራል። ቀይ ነው እንጂ።

«ወላሂ አስረስ ነው!» አለች።

አስረስ፣ የአምስተኛው በር አናጢ።
የመጣ ሰሞን ከወረኢሉ፣ የዋንዛ ሳንቃ አስጭኖ፣
እስከ እኩለ ሌሊት ይልግ ነበር፣ መላጊያው ትንፋሹ ሆኖ።
«ልጄ ነቃ» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ «ቆጣሪው በረረ» አሉ፤
ጋሽ ይማም፣ አከራዩ፣ ክፉ ቃል ሳይሉ፣
ከደጁ ቆመው «እንዴት አመሸህ?» ብለው፣
ቆይተው፣ ቆይተው ሄዱ።
ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ ዕቁብ፣ ከዚያ የሰው ጣራ፤
ሳንቃዎቹ ከግድግዳው ጥግ ዝናብ ለመዱ።
ዛሬ የወንበር እግር ይጠግናል። ሁሉም ይወደዋል።
አዲስ ነገር ከእጁ ካየን ሦስት ክረምት ሆኖናል።

ፒያሳ ላይ ሺህ ትከሻ ገፍቶህ ያልፋል፤ ማንም አይነቅልህ፤
የሁሉም ጥድፊያ ነው እዚያ የሚያተርፍህ።
አስቸጋሪው ትንሽ ግቢ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያልፍብህ፣
እያዘገመ የሚስብህ፣
ክንድህን እንደ ልቃቂት ክር መዝዞ የሚወስድብህ።
ጦይባ ክር ታውቃለች። ራሷን ነቀነቀች።

ስለ እኔ አልጠየቀችኝም።
ከፍራሼ ስር ማመልከቻ አለ፣ ቀኑ ያለፈበት፤
የጀመርኩት ዕለት የሽቱ ወንድም ታመመ፣
በማግስቱ የጋሽ ይማም የወሰን ሙግት፤
የግቢው ደብዳቤ ጸሐፊ እኔ ነኝ።

«እኛ ያለንበትስ?»
«ፍኖተ ሐሊብም ተከራይ ናት፣ ጥቂት በር ካለው ግቢ፤
ትልቋ ጎረቤቷ እየቀረበች ነው።
ምናልባት ይገናኙ ይሆናል፣ ከቢሊዮን ዓመታት በኋላ።»
«አብሽር! እስከዚያ ኪራዩን ስንቴ ይጨምሩብናል!»

ሳቅን። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣
«የተነቀሉት ኮከቦችስ? የት ይገባሉ?»
«የትም። ከመሀል ይንሳፈፋሉ።
ደብዛዛ ብርሃን ነው፣ የማንም ያልሆነ፣
ጉርብትና ባይኖር ከነጭራሹ ባልሆነ።
ለማየት ብዙ ሌሊት ማፍጠጥ ይፈልጋል።»

ዝም አለች።
የአምስተኛው በር ሲጥ አለ። ልጇ ወጣ፣ ሙስዓብ፤
አንድ እግሩ ጫማ፣ አንዱ ባዶ፤
ሹራቡ የሰባተኛው በር።
ምሳውን የት እንደበላ፣ ከማን ጭን ላይ እንዳሸለበ፣
እናቱ ፈረቃ ሳለች ማን እንዳስነበበ፣
እሱም በቅጡ አያውቀው።
አቅፋው ጸጉሩን ዳበሰች። ከጣቷ ላይ አየሁት፤
ሰጋቱራ ነው። የዋንዛ።
ትኩስ፣ ሽታው ያልወጣ።
ማናችንም ምንም አላልን።

ያኔ መብራት መጣ። ሰባቱም በር አንዴ ጮኸ፤
ከዋክብቱ ሄዱ።
ከግድግዳው ላይ፣ ከመስታወቱ ውስጥ፣
የቆጣሪው ሰሃን መዞር ጀመረ፤
ቀዩ ነጥብ ዞሮ መጣ፣
አለፈ፣
ዞሮ መጣ።